የአጥቂው ጾም

ባለፈው ሰሞን ወደ ቆቦ ስሄድ የተሳፈርኩባት ሚኒባስ ሮቢት ላይ ጎማዋ ተነፈሰ። ሹፌሩ ጎማውን እየረገመ ወረደ፣ ረዳቱ ሹፌሩን እየረገመ ወረደ፣ እኛም ፀሐዩን እየረገምን ወረድን። የጎሚስታው ልጅ የውስጡን ላስቲክ፣ ከመነዳሪውን፣ አውጥቶ በሞረድ ፈገፈገና ማስቲሹን ቀባው። ተሳፋሪው አፍንጫውን ይዞ ሲሸሽ እኔ ተጠጋሁ።

«እናቴ፣ ያዞርዎታል፤ ዞር ይበሉ» አለኝ ልጁ።

«ተወኝ ልጄ፣ እኔን የሚያዞረኝ ይሄ ሽታ ሲጠፋ ነው» አልኩት። ግራ ገብቶት ሳቀ። በምን ይወቀው! ማስቲሽ ሲሸተኝ አባቴ ይመጣብኛል። አባቴ ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ የቆቦን የአጥቂ መስመር በሙሉ አስከትሎ ነው የሚመጣው።

አባቴ ሞገስ ቆቦ ላይ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር ጎሚስታ ነበር። ጎማ ይጠግናል፣ በተረፈው ጊዜ ኳስ ይደግፋል ብል ግን ዋሸሁ። ኳስ ይደግፋል፤ በተረፈው ጊዜ ጎማ ይጠግናል። የከተማው ቡድን ያለችው አንዲት የቆዳ ኳስ ነበረች፤ እሷም የምታድረው እኛ ቤት ነው። ውስጧ ያለው ፊኛ ስንቴ እንደተለጠፈ እግዜር ይወቅ፤ ልጥፉ ከፊኛው በልጦ ነበር። ፊኛው በተነፈሰ ቁጥር ግማሽ በርሜል ውሃ ውስጥ ነክሬ ከየት በኩል እንደሚንፈቀፈቅ ማየት የኔ ሥራ ነው። «ጥሩዬ፣ ዓይንሽን!» ይለኛል አባቴ፤ እኔም አፍንጫዬ ውሃው እስኪነካ አጎነብሳለሁ። የዚያን ዓመት ያ ውሃ አይደፋም ነበር። ጠቁሮ፣ ዘይት አዝሎ፣ እንደዚያው ለነገ ይቀመጣል።

የማወራው ስልሳ አምስት አልፎ ስልሳ ስድስት ስለገባበት ጊዜ ነው። እኔ ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነኝ። ትልልቆቹ ስለ ዝናብ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ስለ ኳስ ሲያወሩ ግን እስከ ገበያው ድረስ ይሰማል። እኔ ታዲያ ትልቁ ነገር የሚጮኸው መስሎኝ፣ የዓመቱ ዋና ጉዳይ ቡድናችን ጎል ማግባት አለማግባቱ ነው ብዬ አምን ነበር።

ጉዳዩ ቀላል አልነበረም እንግዲህ! በፊተኛው ዓመት ቡድናችን አንድም ጎል አላገባም። አንድም! በሮቢት አላገባ፣ በዋጃ አላገባ። ዋጃ ላይ ኳሷ አንድ ጊዜ ገብታ ነበር፤ ያገባት ግን የነሱው ተከላካይ ነው። አባቴ ያቺን ጎል «ፈርቶን ነው ያገባት፣ ስለዚህ የኛ ናት» እያለ ዓመቱን ሙሉ ሲሟገትባት ኖረ።

የሚሟገተው ከጎረቤታችን ከጋሼ ንጉሤ ጋር ነው። ጋሼ ንጉሤ ባለወፍጮ ነበር። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት የለበሰ፣ ሲስቅ አይቼው የማላውቅ ሰው። ድሮ ሰፈራችን የሚነቃው በሱ ወፍጮ ድምፅ ነበር፤ የዚያን ዓመት የሚፈጭ እህል ጠፋና ወፍጮው ዝም አለ። ወፍጮው ሥራ ሲፈታ የጋሼ ንጉሤ ምላስ ሥራ አገኘች። ጠዋት መጥቶ ከኛ በር ላይ ከተደረደሩት አሮጌ ጎማዎች በአንዱ ላይ ዘፍ ይላል፣ ከዚያ እስኪመሽ መነቅነቅ የለም።

«ጎል ጎል ትላላችሁ» ይላል። «ቤቱን ሳይዘጋ ሰው ቤት የሚሄድ ምን ዓይነት ሰው ነው? መጀመሪያ ተከላካይ!»

«አንተ በሩን ዘግተህ ቁጭ በል» ይለዋል አባቴ። «እኛ ግን ባዶ ለባዶ ሰልችቶናል።»

መስከረም ላይ የሰማይ በር የተከፈተልን መሰለን። መጀመሪያ አንድ አዲስ መምህር ከደሴ ተመድቦ መጣ። ቁመቱ ጎንበስ ሳይል በበር አያስገባውም። በመጀመሪያው ቀን ሜዳ ወርዶ ኳሷን በቴስታ ሲመታ ደጋፊው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ፤ እኛ እስከዚያ ቀን ድረስ ራስ ለቆብ ብቻ የተሠራ ይመስለን ነበር። መምህሩ የቡድኑ አሰልጣኝም አጥቂም ሆነ። አባቴ የዚያን ለት ምሳውን ረስቶ ዋለ።

በዚያው ሰሞን ከሜዳው ጎን፣ በአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ፣ ሰው መቀመጥ ጀመረ። ከረባዳው ከራያ ሜዳ፣ ከማዶ ከደጋው፣ በየቀኑ ይመጣል። ይቀመጣል። መኪና ሲመጣ እጁን ዘርግቶ ይነሣል፣ መኪናው ሲያልፍ መልሶ ይቀመጣል። ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዙረው ሳያቸው ልምምድ ሊያዩ የመጡ መሰለኝና እየሮጥኩ ሄጄ «አባዬ፣ ዘንድሮ ደጋፊ በዛልን!» አልኩት።

አባቴ መዶሻውን አስቀመጠ። «አይ ልጄ» አለኝ፤ «እነሱስ ደጋፊ አጥተው ነው የመጡት።» ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። በማግስቱ ጠዋት ከተቀመጡት ውስጥ ሳይነሡ የቀሩ ነበሩ፤ እናቴ ነጠላዋን በዓይኔ ላይ ጣል አድርጋ አሳለፈችኝ።

ሁሴንን ያገኘነው ከዚያ ከተቀመጠው ሰው መካከል ነው። መምህሩ የመታት ኳስ ከሜዳው ወጥታ እስከ መንገዱ ተንከባለለች። አንድ ቀጭን፣ እግረ ረጅም፣ ሽርጥ ያገለደመ ጎረምሳ ብድግ አለና ኳሷን በባዶ እግሩ፣ በግራው መታት። ኳሷ በሁላችንም ራስ ላይ አለፈች፤ በረኛው ቀና ብሎ ሲያያት በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ገብታ ከኋላው ካለው ቁልቋል ላይ አረፈች።

አባቴ ጎማውን ጥሎ ሮጠ። እኔም ተከተልኩት።

«የማን ነህ አንተ?»

«ከዋጃ ማዶ ነኝ፣ አያ። ከብት ጠባቂ ነበርኩ።»

«ከብቶቹስ?»

«አለቁ።»

«እግርህስ?»

ልጁ እግሩን ጎንበስ ብሎ አየ። «እግሬማ አለ» አለ።

«አልሐምዱሊላህ በል!» አለው አባቴ፣ እሱ ራሱ ክርስቲያን ሆኖ። ወዲያው ክንዱን ይዞ ወደ ሜዳው ጎተተው።

በዚያች ቀን የቆቦ ደጋፊ አበደ ብል አላጋነንኩም። ጎማዎቹ ላይ መቀመጫ ጠፋ። አንዱ ሁሴን በግራ ክንፍ ይሁን ይላል፣ ሌላው የለም መሃል አጥቂ ይሁን ይላል፤ አንዱ ተነሥቶ መምህሩ በቴስታ እንዴት እንደሚያቀብለው ያሳያል፣ ሌላው ወድቆ የዋጃ በረኛ እንዴት እንደሚወድቅ ያሳያል። ውድድሩ የሚጀመረው ከጥምቀት ማግስት ነው፤ እነሱ ግን ዋንጫውን የት እንደሚያስቀምጡት በመስከረም ተጣሉ። ብዙዎቹ ቁርስ ሳይቀምሱ የመጡ መሆናቸውን እኔ አላውቅም። እናቴ አንድ ቀን «በዚህ በክፉ ቀን የምታወሩት ነገር አጣችሁ?» ብትለው አባቴ «ሌላውንማ ሳናወራውም ያለ ነገር ነው» አላት።

የተነሣው ጥያቄ ልጁ ምን ይብላ የሚለው ነው። ገጠር የሰፈሩን ከብት የሚጠብቅ እረኛ ቤት ለቤት በተራ ነው የሚበላው፤ ዛሬ ከአንዱ፣ ነገ ከሌላው። አባቴ ያንን አመጣ። «አጥቂው የሁላችን ነው፤ በተራ እናብላው» አለ። በጎማዎቹ ላይ የተቀመጠው ሁሉ እሺ አለ። ጋሼ ንጉሤ ብቻ ቅንድቡን ሰቀለ።

«ተከላካይ ቢሆን ይገባኛል» አለ። «ለግራ እግር ግን እኔ ዱቄት የለኝም።»

«ታበላለህ?»

«ተራዬ ሲደርስ ማን እምቢ አለ? እየተናገርኩ ነው የማበላው እንጂ።»

እናቴም ተቆጥታ ነበር መጀመሪያ። የኛ ቤት ከሌላው ይሻላል፤ መኪና እስካለ ጎማ ይተነፍሳል። ቢሆንም ማሽላው በእፍኝ ነው የሚወጣው። «ለኳስ ብለህ ከልጅሽ አፍ ቀንሺ ልትለኝ ነው?» አለችው። ሁሴን በሩ ላይ ደርሶ አንገቱን ደፍቶ «ሰላም ለዚህ ቤት» ሲል ግን ያ ሁሉ ቁጣ የት እንደገባ አላውቅም። «ኧረ ግባ፣ ግባ የኔ ልጅ! እንዴት ከሳህ በሞትኩት!» ብላ የራሷን ድርሻ ነው ያቀረበችለት።

እሱ ግን አልበላም። መስቀል በዋለ ሰሞን ነው፤ ረመዳን ገብቶ ነበር።

«ጾመኛ ነኝ፣ እታለም» አላት አፍሮ። «ካልከፋሽ ይዤው ልሂድ፣ ማታ አፈጥርበታለሁ።»

«ምን ይከፋኛል ልጄ! እንኳን ነገርከኝ» ብላ ቂጣውን በሽሮ አጥፋ በንጹሕ ፎጣ ቋጠረችለት። እንዲህ ሆነ በየቤቱ። ክርስቲያኑም እስላሙም ቋጥሮ ይሰጠዋል፤ ሁሴን ቋጠሮውን ይዞ በሜዳው ማዶ ይሄዳል። ለጾሙ የነበረው ክብር! ልምምድ ሲኖር በፊቱ ውሃ የሚጠጣ የለም። መምህሩ እንኳ ተጠምቶ ወደ ቋሚው ጀርባ ሄዶ ተደብቆ ነው የሚጠጣው። ጋሼ ንጉሤ ሳይቀር ሲጋራውን አጥፍቶ ጆሮው ላይ ይሰካታል፣ ቀጥሎ ይሳደባል።

አባቴ ደግሞ ልጁ በባዶ እግሩ መጫወቱ አንገበገበውና ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ በረባሶ ሠራለት። ጥሩ አድርጎ ሠራው፤ ገመዱ ቁርጭምጭሚት ላይ ይታሰራል። ሁሴን ለይሉኝታ አደረገው። በመጀመሪያው ምት በረባሶው ከኳሷ ቀድሞ ሄደ። ኳሷ ወደ ላይ፣ በረባሶው ወደ ጎን፤ ተከታትለው የጋሼ ንጉሤ ወፍጮ ቤት ቆርቆሮ ላይ ሲያርፉ ጋሼ ንጉሤ ዱላ ይዞ ወጣ።

«ሞገስ! ይሄ ልጅህ እኔን ነው የሚያጠቃው ወይስ ዋጃን?»

አባቴ በሳቅ ወደቀ። ሁሴንም በእጁ አፉን ሸፍኖ ሳቀ፤ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው መጀመሪያ። በረባሶውን ግን ከዚያ በኋላ ለመንገድ እንጂ ለኳስ አላደረገውም።

ኢድ ሆነ። ደጋፊው አዋጥቶ ማሊያ አሰፋለት፤ ቀዩን፣ ከኋላው ቁጥር ያለበትን። ኢድ አለፈ። ሁሴን ተራው እኛ ቤት ሲደርስ መጣ፣ እናቴ ገበታ አቀረበች፣ እሱም «ልቋጥረው፣ እታለም» አለ። እናቴ ቋጠረችለት። እኔ ግን ነገሩ ከነከነኝ።

«አባዬ፣ የአጥቂ ጾም መቼ ነው የሚፈታው?»

«የምን የአጥቂ?»

«በረኛው እኮ ሙስሊም ነው፤ እሱ ኢድ ለት በልቷል። ሁሴን ግን እስካሁን ይጾማል። አጥቂ ስለሆነ ነው?»

አባቴ ጭንቅላቱን አከከ። የበረኛውን አባት ሲያማክር፣ ከኢድ በኋላም ስድስት ቀን የሚጾሙ አጥባቂዎች አሉ አሉት። «አየሽ፣ ልጁ አጥባቂ ነው!» ብሎኝ በኩራት ወደ ጎማው ተመለሰ። ስድስቱም አለፉ። ሁሴን መቋጠሩን አልተወም። ማን ይጠይቀው? በኛ አገር ጾመኛን ለምን አትበላም ማለት ነውር ነው፤ በሱና በአምላኩ መካከል ያለ ነገር ነው። ኋላማ የኛም የነቢያት ጾም ገባና፣ ሁሉም በየራሱ ጾም ተጠምዶ የሰውን መርሳት ሆነ።

ሜዳ ላይ ግን ነገሩ ተበላሸ። ሁሴን ከእረፍት በፊት እሳት ነው፤ ሁለት ሰው አብዶ ሠርቶ ያልፋል፣ ከርቀት ይመታል፣ ደጋፊው ይጮኻል። ከእረፍት በኋላ እግሩ ይከዳዋል። ኳስ እየመጣለት ቆሞ ያያታል። አንድ ቀን ጭራሽ ሜዳው መሃል ቁጢጥ ብሎ ቀረ።

በጎማዎቹ ላይ ሐዘን ተቀመጠ። አንዱ «ዓይን ገብቶበታል» አለ። አንዱ «ዋጃዎች መድኃኒት አስደርገውበታል፣ የራሳቸው አገር ልጅ አይደል?» አለ። ጋሼ ንጉሤ የጠበቀው ቀን ደረሰለት።

«ነግሬያችሁ ነበር! አጥቂ ብላችሁ ያመጣችሁት የግማሽ ቀን ሰው ነው። ለግማሽ ቀን ሰው የሙሉ ቀን ምግብ!»

ማታውን አባቴ እንጀራ እምቢ ብሎት ሲተክዝ አየሁት፤ ልቤ በጣም አዘነ።

በሳምንቱ ተራው እኛ ጋ ደረሰ። ሁሴን ቋጠሮውን ይዞ ከሄደ በኋላ እናቴ «ጥሩዬ፣ ያለፈውን ፎጣዬን ሳይመልስልኝ ሄደ፤ ሮጥ ብለሽ ተቀበይው» ብላ ላከችኝ። በሜዳው ማዶ፣ ከግራር ሥር አገኘሁት። ብቻውን አልነበረም። አንዲት ፊቷ የተሸበሸበ ሴት ቋጠሮውን ፈትታ ለአንዲት ትንሽ ልጅ በትንሽ በትንሹ ታጎርሳለች፤ አንዳንዴ ራሷም ትቀምሳለች። ሁሴን ጀርባውን ሰጥቷቸው ወደ ሜዳው እያየ ተቀምጧል።

ሴትየዋ ስታየኝ እጇን አነሣች። «ነዪ ልጄ፣ ቢስሚላህ በዪ፣ ቅመሺ» አለችኝ። እናቴ የጋገረችውን ቂጣ ነው የምትጋብዘኝ! እኔም ጨዋ ልጅ ነኝና «በልቻለሁ» አልኳት። ከዚያ ወደ ሁሴን ዞርኩ።

«አንተስ አትበላም?»

«ጾመኛ ነኝ።»

ትንሿ ልጅ አፏ እንደሞላ ተንከተከተች። «ውሸቱን ነው! ኢድ ካለፈ ቆየ እኮ!»

ፋጤ ትባላለች፤ እህቱ ናት። ሴትየዋ እናቱ ናቸው፣ እቴ ዘሀራ። አባቱ መንገድ ላይ ቀርተዋል። ሁሴን ተነሥቶ ወደ ጎን ወሰደኝና ቁልቁል እያየኝ ለመነኝ።

«ለአያ ሞገስ እንዳትነግሪብኝ፣ እባክሽ እህቴ። አጥቂው አይበላም፣ ለሌላ ይሰጣል ካሉ ያባርሩኛል። እኔ ተባረርኩ ማለት እነሱ...» አልጨረሰውም።

ነገርኩ እንጂ! ምን ላድርግ፣ የሞገስ ልጅ ነኝ፤ የአጥቂ መስመር ጉዳይ ደግሞ በኛ ቤት አይደበቅም። ቤት ደርሼ «አባዬ፣ ዓይን አይደለም፣ መድኃኒትም አይደለም፤ ሁሴን ከነጭራሹ አይበላም» ብዬ ያየሁትን ዘረገፍኩት። አባቴ ማስቲሹን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «እኔን! እኔ ልድፋ! ይሄን ሁሉ ጊዜ የእናቱን ስንቅ ነው ለካ የምቋጥረው» ብላ አለቀሰች።

በማግስቱ አባቴ በጎማዎቹ ፊት ቆመ። ስብሰባ ላይ ሲናገር ድምፁ የሚሰበር ሰው አልነበረም፤ ያኔ ግን ተሰበረ። ያየሁትን ሁሉ ነገራቸው። ሁሉም የየቤቱን ቋጠሮ እያሰበ መሬት መሬት ያያል።

«እንግዲህ» አለ አባቴ፤ «አጥቂ እንዲበላልን ከፈለግን እናቱና እህቱ መብላት አለባቸው። ለኳሱ ስንል ነው። ተራው ለሦስት ይሁን።»

«አንድ ግራ እግር፣ ሦስት አፍ!» አለ ጋሼ ንጉሤ።

«አትችልም?»

«አልችልም አልኩ? ሒሳቡን ነው የነገርኩህ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቋጠሮ ቀረ። ሦስቱም ገብተው፣ ተቀምጠው በሉ። እናቴ ሁሴንን «በፊቴ ካልዋጥክ አትወጣም» ትለዋለች። ፋጤና እኔ ተጓደንን። እሷ የበርሜሏን ውሃ ወደደች፤ ፊኛው ሲንፈቀፈቅ ባየች ቁጥር እልል ትላለች። ጋሼ ንጉሤ ቤት ተራቸው ሲደርስ ግን ፈርታ ነው የምትመጣው። «ሰውየው ስንበላ ቆሞ ስለ ተከላካይ ያወራል» አለችኝ። እቴ ዘሀራ ደግሞ የሚያዩት ሁሉ ስለሚገርማቸው «ኳስ ማለት እንዲህ ያለ ሃይማኖት ነው እንዴ?» ብለው እናቴን ጠየቋት።

ሁሴንም ተመለሰ! ከእረፍት በኋላ ከበፊቱ ይበልጥ መሮጥ ጀመረ። መምህሩ በቴስታ ያወርድለታል፣ እሱ በግራው ይለቃታል። ከሮቢት ልጆች ጋር ለልምምድ ስንገጥም ጎሉ ዘነበ፤ የሮቢት በረኛ መጨረሻ ላይ «እስቲ በቀኝህ ምታ!» ብሎ ለመነው። አባቴ ቆብ ወርውሮ ቆቡ የት እንደገባ አልታወቀም። ወደ ሰሜን የሚያልፍ አውቶቡስ ሲቆም ደጋፊው በመስኮቱ ይንጠለጠላል፤ «ዋጃ ስትደርሱ ንገሯቸው! ቆቦ አጥቂ አግኝቷል በሏቸው! በረኛቸውን ያስለምዱ!» ተሳፋሪው እነዚህ ከሲታዎች በምን አቅማቸው ነው የሚጮኹት ብሎ ሳይገረም አልቀረም። እኔ እንደዚያ ዓመት ቡድኔን ወድጄ አላውቅም።

ታኅሣሥ ላይ መምህሩ ደሴ ደርሶ ተመለሰ። ከአውቶቡስ ወርዶ ቀጥታ ወደ ጎማዎቹ መጣ፤ አልተቀመጠም።

«ዘንድሮ ውድድር የለም ተባለ» አለ። «በዚህ ቀን ኳስ አይታሰብም ብለዋል።»

ጋሼ ንጉሤ እንኳ ነግሬያችሁ ነበር አላለም፤ ሲጋራውን ሳያቀጣጥል ተነሥቶ ሄደ። አንድ በአንድ ተነሡ። አባቴ የሚለጥፈውን ፊኛ ሳይጨርስ በርሜሉ ላይ ተወው።

በልጅ ጭንቅላቴ ነገሩን አወጣሁት አወረድኩት። እረኛ የሚበላው ከብት እስካለ ነው። ውድድር ከሌለ አጥቂ ምን ያደርጋል? አጥቂ ከሌለ ተራ የለም። ያኔ ፋጤስ?

«እማዬ፣ ነገ የማን ተራ ነው?»

«የንጉሤ» አለችኝና ፊቷን አዞረች።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ሁሴን በራችን ቆመ። ማሊያውን አጥፎ በእጁ ይዟል። እቴ ዘሀራ ጓዛቸውን በጀርባቸው አዝለዋል፣ ፋጤ ቀሚሳቸውን ይዛለች።

«አያ ሞገስ፣ ወደ ወልድያ ልንወጣ ነው። ማሊያውን ላስረክብ ብዬ ነው።»

«ማን ሂዱ አላችሁ?»

የመለሱለት እቴ ዘሀራ ናቸው። «ኧረ ማንም አላለን። እስከ ዛሬ ያበላችሁን ለኳሱ ነው። ኳሱ ከቀረ በምን ፊታችን እንቀመጣለን? ሰውም ቸግሮታል። አላህ ይስጣችሁ፣ ውለታችሁን እሱ ይክፈል።»

አባቴ የኛ ተራ ሲደርስ ብሉ ሊላቸው ይችላል፤ በመሃል ባሉት ቀናት ምን ይብሉ? የሌላውን ቤት ገበታ እሱ እንዴት ቃል ይግባ? ለኳሱ ነው፣ ለኳሱ ነው ሲል የከረመው ራሱ ነው። በወልድያ መንገድ የወጣው ሁሉ እንዳልደረሰ እኔም አውቅ ነበር። የፋጤን እጅ ያዝኩና አለቀስኩ። ማሊያውን አባቴ ተቀበለ። እነሱም መንገዱን ጀመሩ።

ሩቅ ሳይሄዱ ከወፍጮ ቤቱ በኩል ጩኸት ተሰማ።

«ሞገስ! አንተ ሞገስ! ተራዬን ማን ወሰደብኝ?»

ጋሼ ንጉሤ ነው። እየሮጠ ነው የመጣው፤ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። «ሚስቴ ገበታ ዘርግታ ቁጭ ብላለች! ቀዘቀዘ እኮ! እናንተስ የት ነው የምትሄዱት?»

«አያ ንጉሤ፣ ውድድሩ እኮ ቀረ» አለው ሁሴን።

«ውድድሩ ቀረ እንጂ ምሳው ቀረ ያለህ ማን ነው?» ብሎ ጮኸበት። ዞሮ የእቴ ዘሀራን ጓዝ ከጀርባቸው አወረደ። «ይስጡኝ እቴ፣ ይስጡኝ ይሄን። ንጉሤ ተራው ሲደርስ ሰው አባረረ ሊያስብሉኝ ነው? ከኔ ቀጥሎ ያሉትንም ጠይቄ ነው የመጣሁት፤ ገበታዬን አነሣለሁ ያለ የለም።»

አባቴ ጠጋ አለው። «ንጉሤ» አለ፤ «አንተ እኮ አጥቂውን አትወደውም።»

«አልወደውም! ግራ እግሩንም አልወደውም! ለዚህ ነው የማበላው። ለከርሞ አብልቼ፣ አወፍሬ፣ መሃል ተከላካይ አደርገዋለሁ! ሰማህ? ጎል ማግባት የሚባል ነገር ነው የማስረሳው!»

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አጥቂ ሲመኝ የኖረ ሰው ነው። ዓይኑ እንባ ሞላ።

«አድርገው፣ ንጉሤ» አለ። «ተከላካይ አድርገው። ከፈለግክ በረኛም አድርገው።»

ጋሼ ንጉሤ ጓዙን ተሸክሞ እያጉረመረመ ወደ ቤቱ ዞረ፤ ሦስቱም ተከተሉት። አባቴ ማሊያውን ለኔ ሰጠኝ፤ «አድርሺለት» አለኝ። እየሮጥኩ ሄድኩ። ስደርስ ተቀምጠው እጃቸውን እየታጠቡ ነበር።